ያልተበላሸው ሚዛን

መጀመሪያ ካውያውን ትገለብጠዋለች። በአውራ ጣቷ የገመዱን መግቢያ ጫን ጫን ታደርጋለች፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ተቆርጦ ከሆነ ላስቲኩ ጣት ሥር ላላ ይላል። አልላላም። ከኋላ ያለችውን ብሎን በካቻቢቴ ትፈታና ነጭ ጨርቅ ላይ ታኖራታለች። ቀጣይዋን ከጎኗ፣ ሌላዋን ከዚያች አጠገብ፣ በተፈቱበት ተራ ታሰልፋቸዋለች፤ ሲገጠም ከመጨረሻዋ ወደ መጀመሪያዋ ነው የሚኬደው። ሽፋኑን በጥፍሯ ፈልቀቅ ታደርጋለች፣ አቧራውን እፍ ትላለች። የሽቦዎቹ መገናኛ ወለል ብሎ ሲታይ ካቻቢቴውን ታስቀምጥና ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ትቆማለች።

ከዚህ በኋላ እሷ አትነካም። የሚነኩት ጠረጴዛውን የከበቡት ተማሪዎች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፉትን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመልሱ ጣታቸውን አያስገቡም፤ ምን ይሠራ ነበር? የት ላይ ቆመ? ለምን?

«ካውያ ምን እንደሚሠራማ ማን ያጣዋል፣ እትዬ!» ይላል አንዱ።

«አንተ ታጣዋለህ። ሸሚዝህን አየሁት እኮ» ትለዋለች።

ተማሪዎቹ እትዬ ካቻቢቴ ነው የሚሏት። በእውነተኛ ስሟ ከገዛ እናቷ በቀር የሚጠራት የለም፤ እናቷም አሁን አሁን ሲቸኩሉ ይሳሳታሉ። አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ምሩቅ ናት። ጋራዥ ሠርታለች፣ ወፍጮ ጠግናለች። ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጣችው የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ልትሠራ ነበር። ፓምፑን ስትፈታ ልጆች ከበቧት። እንደ ደንቡ «ዞር በሉ» ማለት ነበረባት፤ እሷ ግን አንዷን ቁራጭ ብረት ከፍ አድርጋ «ይቺ ምን የምትሠራ ትመስላችኋለች?» አለቻቸው። የጊዜው ዳይሬክተር በቢሮዋ መስኮት ታይ ነበር። ፓምፑ ተሠርቶ ሳያልቅ ሥራ ተሰጣት።

ሥራው ይኸው ክፍል ነው፤ የብልሽት ክፍል ይባላል። በወረዳው ያሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ክፍል አላቸው፤ ከመጀመሪያው ጡብ ጀምሮ እንዲኖራቸው ተብሎ ነው የተሠሩት። ክፍሉ ሁለት በር አለው። አንደኛው ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ሌላው በቀጥታ ወደ መንገድ ይከፈታል። የሰፈሩ ሰው በመንገዱ በር በኩል የቆመበትን ማራገቢያ፣ የማይከፈት ጃንጥላ፣ የሚንቋቋ የሕፃን ጋሪ ያመጣል። ባንኮኒው ላይ ያኖረዋል፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ዝም ማለቱ ግዴታ ነው። «ገመዱ ይመስለኛል» ብሎ የጀመረውን ሰውዬ እትዬ ካቻቢቴ እጇን አንሥታ ታስቆመዋለች።

«ጋሼ፣ በሽታውን ከነገሩን ሐኪሙ ምን ይሥራ?»

ተማሪዎቹ በሳምንቱ ውስጥ በየተራ ይገባሉ። ፊዚክሱ፣ ሒሳቡ፣ ጽሑፉ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። ብልሽቱን ያገኘው ቡድን ምክንያቱን ጽፎ ከዕቃው ጋር ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ባለቤቱ ካልገባው ጽሑፉ ተመልሶ ይታረማል። ሬዲዮናቸው ቢሠራም እንኳ ጽሑፉ ካልገባቸው ሬዲዮኑን የማይቀበሉ አንድ ጡረተኛ አሉ፤ ልጆቹ በጣም ይፈሯቸዋል።

አዲሱ የወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የመጣው እንግዲህ ወደዚህ ክፍል ነው። የቀድሞ የሒሳብ መምህር ነው፤ ረጅም፣ ለስላሳ ተናጋሪ፣ ኖራ ሳይዝ እንኳ ጣቶቹን የሚያራግፍ። ሐሳቡን ደብቆ አልመጣም።

«አየሽ... ይቅርታ፣ አዩ እትዬ፣ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ልጆች በአንድ ዴስክ ላይ ተደራርበው ነው የሚማሩት። ይሄ ክፍል ደግሞ ሰፊ ነው፤ ብርሃንም አለው። በሁሉም ትምህርት ቤት እንደዚሁ ነው። መደበኛ ክፍል ቢሆኑ ስንቱ ልጅ ተንፈስ ባለ!»

«ልትዘጋው ነው የመጣኸው?»

«ልዝጋው ብዬ አልመጣሁም። አልዘጋውምም ብዬ አልመጣሁም። ልየው ብዬ ነው። ከዚያ በፊት አልወስንም።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ የትም አይሄዱም። የወረዳው ጥገና ክፍል ሰው ይፈልጋል፤ ደረጃዎም ከፍ ይላል።»

ጥገና ክፍሉን ታውቀዋለች። ጸጥ ያለ መጋዘን ነው፤ ከጣሪያ እስከ ወለል የተሰበረ ወንበር። አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ ይጠግናል። ማንም መጥቶ «ይቺ ብረትስ ምን ትሠራለች?» አይልም። ኃላፊው ከወጣ በኋላ ለእናቷ ስትነግራቸው «እና ከፍ ብለሽ ምን አነሰሽ?» አሏት። «እማዬ፣ እዚያ እኮ መልስ ብቻ ነው ያለው» አለቻቸው። እናቷ አልገባቸውም፤ እሷም ደግማ አላስረዳችም።

ኃላፊው ተመልሶ ሲመጣ በመንገዱ በር ገባ፤ እንደ ማንኛውም ሰው። ክብ ፊት ያለው ባለ ቀስት ሚዛን ይዟል። ባንኮኒው ላይ አኖረው። በደንቡ መሠረት ምንም አልተናገረም፤ ከጥግ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

የእለቱን ቡድን የምትመራው ተማሪዎቹ እሜቴ ለምን የሚሏት ቀጭን ልጅ ነበረች። ቅጽል ስሙ የወጣላት መምህሩ «ደህና ዋላችሁ» ሲላቸው «ለምን?» ብላ ነው ይባላል።

«ምን ይሠራ ነበር?» አለች።

«ይመዝን ነበር» አሉ በአንድ ድምፅ።

«የት ላይ ቆመ?»

እዚህ ላይ ሁሉም ሚዛኑን ይነካኩ ጀመር። ሳህኑን ጫን ሲሉት ቀስቱ ይሄዳል፣ ሲለቁት ይመለሳል። አልዛገም። አይንቋቋም። ከላይ ቢያዩት፣ ከታች ቢያዩት እንከን የለውም። እሜቴ ለምን ወደ መደርደሪያው ሄዳ ቀዩን ብረት አመጣች። ይህ ብረት የክፍሉ መመዘኛ ነው፤ ጎኑ ላይ «ሁለት ኪሎ» ተብሎ በነጭ ቀለም ተጽፎበታል። ሳህኑ ላይ ስታኖረው ቀስቱ ሁለትን አልፎ ሁለት ተኩል ላይ ቆመ።

«ያዝኩት!» ብላ ጮኸች።

የቀረው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሽፋኑ ተፈታ፣ ብሎኖቹ በጨርቁ ላይ ተሰለፉ። ውስጡ አንድ ሞላ፣ ጥምዝምዝ ሽቦ፣ አለ፤ ዕቃ ሲጫንበት የሚሳብ። ሚዛኑ አብዝቶ የሚያሳየው ሞላው አብዝቶ ስለሚሳብ ነው፤ አብዝቶ የሚሳበውም ስለደከመ ነው አሉ። አንዱ ልጅ ሥዕል ሣለ፣ ሌላዋ በቁጥር አስረዳች። ኃላፊው ራሱ ከወንበሩ ተነሥቶ መጣና ስሌቱን አየላቸው፤ ስህተት አጣበት። ሞላውን በማያዣው ላይ ጥቂት ዙር አጠመጠሙት፤ የሚሳበው ክፍል ሲያጥር ሞላው ጠነከረ። ብረቱን መልሰው ጫኑት። ቀስቱ ሁለት ላይ ቀጥ አለ።

እትዬ ካቻቢቴ እጆቿን ከኋላዋ እንዳጣመረች ኃላፊውን በጎን አየችው። ፊቱ ላይ የተለየ ነገር ነበር፤ ቅሬታ አይደለም፣ ደስታም አይደለም።

«እውነቱን ልንገርዎት» አላት በሩ ላይ። «ሚዛኑ የእህቴ ነው፤ ዳቦ ቤት አላት። ምንም አልሆነም ብዬ ነበር ያመጣሁት። ያልተበላሸ ነገር ሲሰጣቸው ምን እንደሚያደርጉ ልይ ብዬ። ለካ ተበላሽቷል! እኔንም አሳመኑኝ።»

ሚዛኑን አቅፎ ሄደ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ጩኸት የመንገዱን ሰው አስቆመ። እሜቴ ለምንን ትከሻቸው ላይ ሊያወጧት ሲሉ እትዬ ካቻቢቴ «ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ እሷንም ልትጠግኗት ነው?» ብላ አስወረደቻት። ያን ሳምንት ሥራዋን እያፏጨች ነው የሠራችው።

በሚቀጥለው ሳምንት የመንገዱ በር በእርግጫ የተከፈተ ይመስል ተበረገደ። ዱቄት የተነሰነሰበት ሽርጥ የታጠቀች ወፍራም ሴት በአንድ ብብቷ ሚዛኑን፣ በሌላው ትልቅ ዳቦ ይዛ ገባች።

«ሐኪሞቹ እናንተ ናችሁ?»

መልስ ሳትጠብቅ ዳቦውን ባንኮኒው ላይ ቆርሳ ለሁሉም አደለች።

«ቅመሱ! ቅመሱ እንጂ፣ በነፃ ነው! ለደንበኞቼማ ሳምንቱን ሙሉ ሳበላቸው ከረምኩ።»

ቀመሱ። አንዱ ልጅ አይኑን ጨፈነ።

«ጨው ነው» አለች እሜቴ ለምን በቀስታ።

«አይ፣ ጎበዝ! ጨው ነው! ዱቄቱ ተመዝኖ በጆንያ ነው የሚመጣልኝ፤ ጨውን ነው በዚህ የምመዝነው። ወንድሜ ተብዬው ደግሞ ሚዛኑን ይዞ መጥቶ ‹ደንበኞችሽን ስታጎድይባቸው ነው የኖርሽው› ብሎ ሰበከኝ። እኔን! ጎረቤቴ የሆኑት ሽማግሌ ‹ልጄ፣ ዳቦሽን የጋገርሽው በባሕር ውሃ ነው ወይ› አሉኝ።»

«እመቤቴ፣ ሚዛኑን መርምረን ነው የሠራነው» አለች እትዬ ካቻቢቴ። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

«በምን መረመራችሁት?»

«በመመዘኛ ብረታችን።»

«ብረቱን ማን መዘነው?»

እትዬ ካቻቢቴ ወደ መደርደሪያው ተመለከተች። የክፍሉ አሮጌ ሚዛን እዚያ ተቀምጧል። «ሚዛናችን» አለች።

«ሚዛናችሁን ማን አረጋገጠው?»

ከልጆቹ መሃል የሆነ ድምፅ «ብረቱ» አለ፤ ያለውን ራሱ ሲሰማው ደንግጦ አፉን ያዘ።

ጋጋሪዋ ከሽርጧ ኪስ ማኅተም ያረፈባቸውን የመመዘኛ ብረቶቿን አውጥታ ደረደረች። ሁለት ኪሎዋን በራሷ ሚዛን ላይ አኖረች፤ አሳንሶ አሳየ፤ ጨውም የበዛው ለዚህ ነበር። በክፍሉ አሮጌ ሚዛን ላይ አኖረች፤ እሱም እኩል አሳንሶ አሳየ። ሁለቱ ሚዛኖች እንደ መንታ ይመሳሰሉ ነበር፤ ሁለቱም ውሸታም። ቀዩ ብረት በእውነት ሁለት ኪሎ ተኩል ነበር። ይህን ያህል ዘመን «ሁለት» የሚል ስም ተሸክሞ ኖሯል።

«ሞላዬን መልሱልኝ» አለች ጋጋሪዋ፤ ቁጣዋ ግን በከፊል ወደ መገረም ዞሮ ነበር። «ያልታመመውን ሰው ቆርጣችሁ ሰፋችሁት እኮ።»

ሞላውን ፈትተው እንደ ነበረ መለሱላት፤ በእሷ ብረቶች ሦስት ጊዜ አስመስክረው። ስትወጣ ግን የመመዘኛ ብረቶቿን ባንኮኒው ላይ ትታ ሄደች። «እነዚህ እዚህ ይቆዩ። ይሄን አሮጌውን ምን እንደነካው እስክታውቁ ድረስ። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ስልክ ደወለ። እህቱ ሁሉን ነግራዋለች። «እትዬ፣ ክፍሉ የተበላሸ ያድናል ሲሉኝ ነበር፤ ደህናውን ማበላሸቱን ግን አየሁ። አርብ እመጣለሁ፤ ያን ዕለት እወስናለሁ» አላት። በትሕትና ነው ያለው፤ ለዚያ ነው የከበዳት።

ለልጆቹ ምንም አልነገረቻቸውም። ወደ ቤቷ ግን አልሄደችም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው መንገድ ወርዳ የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር ቤት አንኳኳች። ያቺ በመስኮት አይታ ሥራ የሰጠቻት ሴት አሁን በጣም አርጅታለች፤ ወረዳው ሲመሠረት ከነበሩት ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። እትዬ ካቻቢቴ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ ጨው ነገረቻት። አሮጊቷ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና ውሃ መጠጣት ነበረባት።

«እማማ፣ ክፍሉ እኮ ሊዘጋ ነው!»

«ይቅርታ ልጄ። የባሕር ውሃ ያልሽው ነው።»

«ልጠይቅዎ የመጣሁት ሌላ ነው። ጥያቄዎቹን እናንተ ናችሁ ያወጣችኋቸው። ሦስቱን ጠብቀን እንዲህ ከሳትን አራተኛ ነበረ እንዴ? ለምን ሦስት ሆኑ?»

«ቀለሙ አለቀ» አለች አሮጊቷ።

«ቀለሙ?» አለች እትዬ ካቻቢቴ።

«ምን ትመስይኛለሽ፣ ተራራ ላይ ወጥተን የተቀበልነው ነው? አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ተሰብስበን ስንጨቃጨቅ ነው የዋልነው። አንዱ ዲሲፕሊን ይላል፣ አንዱ የእጅ ሥራ ይላል። በመጨረሻ ነርስ የሆነች አንዲት ሴት ‹ሁላችንም ስንማር መልሱ ነበር ቀድሞ የሚመጣው፤ ጥያቄውን ያየነው ፈተና ላይ ነው› አለች። እውነት ነዋ። ስለዚህ ልጆቻችን የማያውቁትን ነገር ሲያዩ የማይሸሹ ይሁኑ አልን። እንዴት? ከተማው ያልገባው ነገር በራሱ በር ይግባላቸው። የመንገዱን በር ያወጣነው ለዚህ ነው። የቀረው የቀለም ቀቢው ጥድፊያ ነው። መሰላሉ አጭር ስለሆነ ከላይ ባዶ ቦታ ትቶ ከመሃል ጀመረ፤ ቀለሙ ደግሞ ሦስተኛው ላይ አለቀ።»

«እና ከላይ ያለው ባዶ ቦታ...»

«ባዶ ነው። ብዙ ነገር ሳናስብ ቀርተናል፤ ቢበላሽስ ያልነው ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ራሳችን አልነበረም። ጎዶሎ ካገኛችሁ ሙሉት። የኛ ፈቃድ ምን ያደርግላችኋል?»

አርብ ኃላፊው ሲመጣ የሚያውቀው ጩኸት አልጠበቀውም። ተማሪዎቹ ጠረጴዛውን ከበው፣ አሮጌው የክፍሉ ሚዛን ተበትኖ፣ ብሎኖቹ ተሰልፈው፣ የጋጋሪዋ ብረቶች ተደርድረው ነበር። ጋጋሪዋ ራሷም ወንድሟን ቀድማ መጥታ አንድ ወንበር ሞልታ ተቀምጣለች። «ዝም በል፣ ተቀመጥ፤ ጥሩው ላይ ደርሰዋል» አለችው።

እሜቴ ለምን ሞላውን በፒንሳ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አወጣችው። አንደኛው ጫፉ እንደ ፋብሪካ ሥራ የተጠቀለለ ነው። ሌላኛው ጫፍ በፒንሳ የተቆረጠ ነው፤ የጥርሱ ምልክት ይታያል።

«ዝጎ ስለነበር ነው የተቆረጠው፤ ዝገቱ እስከዚህ ደርሷል» አለች። «ሲቆረጥ አጠረ። ሲያጥር ጠነከረ። ሲጠነክር አሳነሰ። ከዚያ ብረቱ በዚህ ተመዘነ፣ ቀለም ተቀባ። ከዚያ በኋላ እሱን ነው ያመንነው። እኛ በጋጋሪዋ ሚዛን ላይ ያደረግነውም ያንኑ ነው።»

«ማን ቆረጠው?» አለ ኃላፊው፤ ሳያስበው ወደ ጠረጴዛው ቀርቦ ነበር።

«ከኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች» አለች እትዬ ካቻቢቴ። «እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጥሩ ሠራችሁ ብያቸዋለሁ።»

«ቆይ፣ ሲቆረጥ በስንት እጅ እንደጠነከረ ከዙሮቹ ቁጥር ማወቅ ይቻላል እኮ» አለና ጣቶቹን አራገፈ። ወረቀት አቀበሉት። ሲቆጥር ተሳሳተ፤ አንዲት ልጅ አረመችው፤ እንደገና ቆጠረ። ጋጋሪዋ «ሊዘጋ የመጣው ሰውዬ የቱ ነው?» ብላ ዙሪያውን እያየች ጠየቀች። ልጆቹ ይህን የሰሙት ያኔ ነው። ሁሉም ወደ ኃላፊው ዞሩ።

ኃላፊው እርሳሱን አስቀመጠ።

«ዴስክ ላይ የተደራረቡት ልጆች አሁንም አሉ» አለ። «ያንን እህቴም አትፈታውም።»

«አልፈታውም» አለች እህቱ።

«ሚዛኑን ስላበላሻችሁት አይደለም የፈራሁት። የፈራሁት ማንም እንደማይጠይቅ ነው። እኔም ጭምር። ሚዛኑ ደህና መሆኑን እያወቅሁ መጥቼ ብረቱ ላይ የተጻፈውን ሳይ እጄን ሰጠሁ። አሁን ግን ጠየቃችሁ።» ወደ እትዬ ካቻቢቴ ዞረ። «ጠረጴዛዎቹ ግድግዳው ላይ መታጠፍ ይችላሉ?»

እሷ ሜትሯን ከኪሷ አውጥታ ግድግዳውን መለካት ጀመረች፤ ይህም መልስ ነው።

አሁን ጠረጴዛዎቹ በማጠፊያ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል፤ ራሷ ናት የበየደቻቸው። ጠዋት ጠዋት ክፍሉ ዴስክ ይገባበታል፣ የተጨናነቀው ክፍል ግማሹ እዚህ ይማራል። ከሰዓት ዴስኩ ተገፍቶ ጠረጴዛዎቹ ይወርዳሉ፣ የመንገዱ በር ይከፈታል። ጠባብ ሆኗል። ካቻቢቴና ፒንሳ መስቀያ ቦታ ስላጣች በሩ ላይ ሰቅላቸዋለች፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይንቃጨላሉ። ሌሎቹ ትምህርት ቤቶችም እየመጡ ማጠፊያውን እያዩ ይሄዳሉ። ተስማምቷት እንደሆነ ስትጠየቅ «ግማሽ ነው። ግማሽም ቢሆን ግን ይሠራል» ትላለች።

ከሦስቱ ጥያቄዎች በላይ፣ ቀለም ቀቢው በአጭር መሰላሉ ምክንያት በተወው ቦታ ላይ፣ አዲስ መስመር አለ። እሜቴ ለምን ናት መሰላል ላይ ወጥታ የጻፈችው፤ ሰማያዊው ቀለም ከድሮው ጋር አልገጠመም፣ ፊደሉም ትንሽ ዘመም ይላል። መበላሸቱን በምን አወቅን? ይላል። ቀዩ ብረት ሥሩ ተቀምጧል፤ «ሁለት ኪሎ» የሚለው አልተፋቀም።

ስለዚህ ክፍል እንደሚጻፍ ስትሰማ እትዬ ካቻቢቴ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩልኝ አለች። ቃሏ ይኸው፦

«ቤታችሁ የቆመ ነገር ካለ አትጣሉት፤ አምጡልን። ምን እንደሆነ የምታውቁ ቢመስላችሁም አትንገሩን። ደግሞ አንዳንዴ፣ እባካችሁ፣ ምንም ያልሆነውንም አምጡ። ደህና የሚሠራ ሰዓት፣ ደህና የሚበራ ባትሪ። ባንኮኒው ላይ አኑሩት፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ። ‹ይሄስ ደህና ነው› ብለን ስንመልስላችሁ ብቻ፣ በምን አወቃችሁ ብላችሁ ጠይቁን።»